ጢም የሌለው በዩሚ

[ዛጋዚግ፤ የአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፤ የቆሻሻ ማቆያው ክፍል በር ላይ። ጠዋት ሦስት ሰዓት አልፏል። መሐንዲስ ሃይሰም ከረባቱን አሳምሮ አስሮ፣ ላፕቶፑን በተገለበጠ ባልዲ ላይ አስቀምጧል። አራት ሰዓት ላይ ጥናቱን ለዳይሬክተሩ ያቀርባል፤ እስከዚያ ድረስ አንድ ሰው አይቶ እንዲያደንቅለት ፈልጓል። ያገኘው ግን ዓም በዩሚን ብቻ ነው። «ዓም» እንደ አጎቴ ያለ ነው፤ በዩሚን ከዳይሬክተሩ እስከ ዘበኛው ሁሉም እንዲህ ነው የሚጠራው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደም የነካውን ቆሻሻ በቀይ ከረጢት እየሰበሰበ፣ በጋሪ እየገፋ ከፎቅ ያወረደ ሰው ነው። እሱም በበኩሉ መሐንዲሱን እንደ አገሩ ወግ «ባሽሙሃንዲስ» ይለዋል። ሃይሰም ይህ ሽማግሌ ነገር ቶሎ አይገባውም ብሎ ያምናል። ሃይሰም ብዙ ነገር ያምናል።]

በዩሚ፦ አይደለሁም አልኩ እኮ!

ሃይሰም፦ ነህ ዓም በዩሚ! አንተ ነህ! ይኸው ጋሪህን ይዘህ ስትሄድ!

በዩሚ፦ ባሽሙሃንዲስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይቺ ሰማያዊ ነጥብ ናት። እኔ ጢም አለኝ።

ሃይሰም፦ ነጥብ ጢም አያወጣም!

በዩሚ፦ ታዲያ እኔ መሆኔን በምን አወቁ?

ሃይሰም፦ ስም አላት። አየህ? «ሠራተኛ ቁጥር ሦስት»።

በዩሚ፦ ሦስት? አንድ ማን ሆነና ነው?

ሃይሰም፦ ሸሐታ። ሁለት ደግሞ ረጀብ።

በዩሚ፦ ሸሐታ! ትናንት የመጣው ሸሐታ አንድ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ገፍቼ ሦስት?

ሃይሰም፦ ደረጃ አይደለም እኮ! ዝም ብሎ ቁጥር ነው!

በዩሚ፦ ደረጃ ካልሆነማ ይለውጡታ፣ ምን ቸገረዎት?

ሃይሰም፦ አሁን አይለወጥም!

በዩሚ፦ አዩ? ደረጃ ነው።

[ሃይሰም ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ሰበሰበ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎቹን ሲያስተምር የሚያደርገው ነው።]

ሃይሰም፦ ስማኝ ዓም በዩሚ። ቀስ ብዬ ላስረዳህ። ይህ ሲሙሌሽን ይባላል። በቀላል አነጋገር ማስመሰል ማለት ነው።

በዩሚ፦ ማስመሰል?

ሃይሰም፦ ማስመሰል።

በዩሚ፦ [ግራ ቀኝ አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ዳይሬክተሩ ያውቃሉ?

ሃይሰም፦ እሳቸው አይደሉ እንዴ ያዘዙኝ!

በዩሚ፦ እንዲያስመስሉ?

ሃይሰም፦ አዎ!

በዩሚ፦ ወይ ጉድ! እኛ ስናስመስል ማስጠንቀቂያ ይጻፍብናል፣ እናንተ ማህተም ባረፈበት ደብዳቤ ታዝዛችሁ ታስመስላላችሁ!

ሃይሰም፦ ማታለል አይደለም! ሆስፒታሉን እንዳለ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብቼዋለሁ ማለት ነው። አምስቱንም ፎቅ፣ ሊፍቱን፣ ጋሪዎቹን፣ እናንተን። እውነተኛውን ሆስፒታል ከመነካካት በፊት እዚህ ውስጥ እንሞክራለን። ስህተት ቢሠራ ማንም አይጎዳም።

በዩሚ፦ ኩሽናውንም አስገብተውታል?

ሃይሰም፦ ኩሽናው ለጥናቱ አያስፈልግም።

በዩሚ፦ ታዲያ እዚያ ውስጥ ያለሁት እኔ ቁርሴን የት ነው የምበላው?

ሃይሰም፦ አትበላም! ነጥብ ነህ!

በዩሚ፦ ያለ ፉል? ያለ ሻይ? ለካ ለዚህ ነው ነጥብ ያከልኩት!

ሃይሰም፦ ዓም በዩሚ፣ እባክህ! ቀልዱን ተወውና ወደዚህ ተመልከት። እነዚህ ቀያዮቹ ከረጢቶች ናቸው። ሊፍቱ ጋ ሲደርሱ ወረፋ ይይዛሉ።

በዩሚ፦ ማን?

ሃይሰም፦ ከረጢቶቹ።

በዩሚ፦ ሳይጋፉ?

ሃይሰም፦ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይወርዳል።

በዩሚ፦ ሱብሓነላህ! ዳቦ ቤት በር ላይ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ጠፍቶ ከረጢቱ ሥርዓት ያዘ!

ሃይሰም፦ ዋናው ጥበብ ገና ነው። ይቺን ቁልፍ ስጫናት አንድ ዓመት በአራት ሴኮንድ ያልፋል።

በዩሚ፦ ቆይ ቆይ ቆይ! አይጫኑ!

ሃይሰም፦ ምን ሆንክ ደግሞ?

በዩሚ፦ ረመዳን አለበት?

ሃይሰም፦ ረመዳን አልገባም። ቀኑ ሁሉ እኩል ነው።

በዩሚ፦ ሳልጾም ዓመቱ ሊያልፍ! ኃጢአቱ በማን ነው የሚጻፈው፣ በእኔ ወይስ በነጥቧ?

ሃይሰም፦ በእኔ! በእኔ ይጻፍ! ልጫነው?

በዩሚ፦ እንግዲህ ከተጫኑ አይቀር አንድ ዓመት ከሁለት ወር ያድርጉልኝ።

ሃይሰም፦ ለምን እሱን መረጥክ?

በዩሚ፦ ጡረታ የምወጣው ያን ጊዜ ነዋ። ሚስቴ በሂያ ወሩን በጣቷ እየቆጠረች ታሳድረኛለች። አንዴ ልየውና ሄጄ ልንገራት።

[የሃይሰም ጣት ቁልፏ ላይ ቀረ። በሪፖርቱ አሥራ አምስተኛ ገጽ ላይ ያለችው መስመር ትዝ አለችው። እስካሁን መስመር ብቻ ነበረች፤ አሁን አጠገቡ ቆማ ትተነፍሳለች።]

ሃይሰም፦ ዓም በዩሚ... የድሮውን አሠራር ነው የምታየው ወይስ የተሻሻለውን?

በዩሚ፦ የተሻሻለ እያለ ማን የድሮ ያያል!

[ተጫነ። ነጥቦቹ እንደ ጉንዳን ተራወጡና ቆሙ።]

በዩሚ፦ ይኸው ሸሐታ። ይኸው ረጀብ። እኔስ?

ሃይሰም፦ እ... ተሻሽለሃል።

በዩሚ፦ ተሻሽዬ የት ሄድኩ?

ሃይሰም፦ የለህም።

በዩሚ፦ ሞትኩ? ኢንና ሊላህ! በስንተኛው ወር?

ሃይሰም፦ ኧረ አልሞትክም! ስሌቱ ነው። ሥራውን ሁለት ሰው ይጨርሰዋል ይላል። ሦስተኛው ትርፍ ነው።

በዩሚ፦ ትርፍ።

ሃይሰም፦ ስድብ እንዳይመስልህ። የሙያ ቃል ነው።

[ዓም በዩሚ ከባልዲው አጠገብ ቁጢጥ አለ።]

በዩሚ፦ ባሽሙሃንዲስ፣ እኔን እዚህ በመዝገብ ያሰፈሩኝ ዘግይተው ነው። ቀኔ ሳይሞላ ከወጣሁ ጡረታ የለኝም። ያውቃሉ?

ሃይሰም፦ ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም።

በዩሚ፦ እርስዎን ነው የጠየቅኩት።

ሃይሰም፦ እኔም... አላወቅኩም። አዝናለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን ምን ላድርግ? ቁጥር አይዋሽም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚህ ቆሜ በሴኮንድ መቁጠሪያ ለክቻለሁ። ሁለት ሺህ ጊዜ ነው ያስኬድኩት፤ ሁለት ሺህ ጊዜ ያው መልስ!

በዩሚ፦ እሺ። መቼም እኔ ቶሎ አይገባኝም። እንዴት አድርጌ ትርፍ እንደሆንኩ አንድ በአንድ ይንገሩኝ።

[ሃይሰም ሳይወድ በግድ ደስ አለው። ማስረዳት ይወዳል፤ የሚያስረዳው ሰው እንኳ ቢያዝን።]

ሃይሰም፦ አንደኛ፣ ሊፍት ለመጠበቅ የሚጠፋው ጊዜ፣ በአማካይ አርባ ሴኮንድ።

በዩሚ፦ አርባ ምን?

ሃይሰም፦ ሴኮንድ። ሁለተኛ፣ ከአምስተኛ ፎቅ እስከዚህ በር፣ ስድስት ደቂቃ። ሦስተኛ፣ የተቀደደ ከረጢት፣ ዜሮ።

በዩሚ፦ ዜሮ። [ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ]

ሃይሰም፦ አይዞህ፣ አታልቅስ። አራተኛ፣ ከረጢት ውስጥ የተገኘ መርፌ፣ ዜሮ።

[ዓም በዩሚ እያለቀሰ አልነበረም። ሳቁን አፍኖ ነበር። አሁን አመለጠው፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ተመልሶ ወደ ሳቅ። የጋሪውን እጀታ ይዞ ነው የተነሳው።]

ሃይሰም፦ ምን ያስቅሃል? በሳይንስ የተለካ ነው እኮ!

በዩሚ፦ አይ አንተ ልጅ!

[ከዚህ በኋላ «እርስዎ» ቀረ።]

በዩሚ፦ መጀመሪያ እዚህ የመጣህ ቀን ምን ለብሰህ ነበር?

ሃይሰም፦ ሱፍ። ከረባት።

በዩሚ፦ በእጅህስ?

ሃይሰም፦ ሰሌዳ፣ ወረቀት፣ እስክሪብቶ።

በዩሚ፦ ዘበኛውን ዐብዱልባሪን ሰላም ብለኸው ነው የገባኸው?

ሃይሰም፦ ቸኩዬ ነበር።

በዩሚ፦ በል አንተ ሊቅ፣ ንገረኝ። ከረባት ያሰረ፣ ወረቀት የያዘ፣ ዘበኛ ሰላም የማይል ሰው እዚህ አገር ማን ነው?

ሃይሰም፦ ማን ነው?

በዩሚ፦ ኮሚቴ!

ሃይሰም፦ የምን ኮሚቴ?

በዩሚ፦ የቁጥጥር ነዋ! ከሚኒስቴር የሚመጣው! ዐብዱልባሪ አንተን ገና በር ላይ ሲያይህ ስልኩን አነሳ፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሆስፒታሉ ሌላ ሆስፒታል ሆነ። ሊፍት ውስጥ የነበሩት ጠያቂዎች ከነድስታቸው ወረዱ። ያ ሁሉ ሩዝ የተጠቀለለበት ጎመን፣ ያ ሁሉ የመሕሺ ድስት በደረጃ ነው የወጣው! ነርሶቹ መርፌውን በቢጫው ሣጥን ከተቱ። እኔማ ሣጥኑን አያውቁትም ብዬ ነበር፤ ለካ ያውቁታል!

ሃይሰም፦ ቆይ... ቆይ። በሌላ ጊዜስ ሊፍቱ?

በዩሚ፦ በሌላ ጊዜ? አንድ በሽተኛ ሲተኛ ሰባት ዘመድ ይዞ ነው። ሊፍቱ የሚይዘው ስድስት ነው። ሰባተኛው ሌላ ሰባት እስኪመጣ ይጠብቃል። እኔ ከነጋሪዬ ሃያ ደቂቃ ቆሜ ሰላምታ እመልሳለሁ።

ሃይሰም፦ ሃያ ደቂቃ!

በዩሚ፦ ዓርብ ካልሆነ ነው። ጻፈው፣ ምን ታየኛለህ?

ሃይሰም፦ ከረጢቱስ? አይቀደድም ያልነው?

በዩሚ፦ አንተ ስታይ ግማሽ እየሞላን ነው የምናስረው። አንተ ስትሄድ እስከ አፉ ሞልቶ፣ በእግር ተረግጦ ነው የሚታሰረው።

ሃይሰም፦ [ድምፁ እየሰለለ] መርፌስ?

[ዓም በዩሚ የቀኝ እጁን ጓንት ቀስ ብሎ አወለቀና መዳፉን ከላፕቶፑ ብርሃን ፊት ዘረጋ።]

በዩሚ፦ ይቺ ባለፈው ዓመት ናት። ይቺ ከዚያ በፊት። ጥቁር ከረጢት ነበር፣ የወጥ ቤት ቆሻሻ የሚገባበት። የሙዝ ልጣጭ ነው ብዬ ጭብጥ አድርጌ ያዝኩት። ከዚያ የደም ምርመራ። ስድስት ወር ጠብቅ አሉኝ። ስድስት ወር የልጅ ልጄን አልሳምኳትም። ትመጣለች፣ እጇን ትዘረጋለች፣ እኔ ጋዜጣ እያነበብኩ ነው እላታለሁ። ማንበብ አልችልም እኮ።

ሃይሰም፦ ውጤቱስ?

በዩሚ፦ ነጻ ነህ አሉኝ፣ አልሐምዱ ሊላህ። ግን ፈራሁ ባሽሙሃንዲስ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

[ሃይሰም የራሱን መዳፍ አየ። እስክሪብቶ ብቻ ነው የነካው። አፈረ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።]

ሃይሰም፦ ስለዚህ እኔ የለካሁት...

በዩሚ፦ ስናስመስል ነው።

ሃይሰም፦ እኔ ያስመሰልኩት ደግሞ...

በዩሚ፦ ማስመሰላችንን ነው። አንተ እኛን ታስመስላለህ፣ እኛ ላንተ እናስመስላለን። ያንኑ አንድ ስህተት ሁለት ሺህ ጊዜ ነው ያስኬድከው።

ሃይሰም፦ አሥራ ስምንት ገጽ! ባለቀለም! በጠንካራ ሽፋን የተጠረዘ!

በዩሚ፦ ሽፋኑ ይጠቅማል። ክረምት ላይ እዚህ በር ሥር ንፋስ ይገባል።

ሃይሰም፦ [ድንገት ቀና ብሎ] አንድ ደቂቃ! እዚህ ላይ ያልገባኝ ነገር አለ። ዐብዱልባሪ በሁለተኛው ቀን መታወቂያዬን ጠይቆኝ አሳይቼዋለሁ። መሐንዲስ፣ ከዩኒቨርሲቲ፣ ይላል። ኮሚቴ አለመሆኔን አይቷል!

በዩሚ፦ አይቷል። ነግሮኛል።

ሃይሰም፦ ለአንተ?

በዩሚ፦ ለእኔ ብቻ። እኔ ግን ቀድሞም አውቄያለሁ።

ሃይሰም፦ በምን?

በዩሚ፦ ኮሚቴ ለምሳ ይሄድና በዚያው ይቀራል። አንተ ተመልሰህ መጣህ።

ሃይሰም፦ እንዴ! ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር! ታዲያ ለምን ዝም አልክ?

በዩሚ፦ ማን ዝም አለ? በየጠዋቱ በዚህ የውስጥ ስልክ አምስቱም ፎቅ እደውላለሁ። «ኮሚቴው ገብቷል፣ ዛሬ ፊቱ ጥሩ አይደለም፣ መርፌውን በሣጥኑ!» እላለሁ። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞህ ሳትመጣ ቀረህ፣ ታስታውሳለህ?

ሃይሰም፦ ማክሰኞ።

በዩሚ፦ ማክሰኞ። «ተደብቆ ነው የሚያየው፣ የት እንዳለ አይታወቅም» አልኳቸው። ከሁሉም ቀን ንጹሕ የሆነው እሱ ማክሰኞ ነው!

[ዓም በዩሚ ጓንቱን መልሶ አጠለቀ፤ ድምፁ ለስለስ አለ።]

በዩሚ፦ ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔን መርፌ አልነካኝም። ሸሐታንም፣ ረጀብንም። ማታ ቤቴ ገብቼ እጄን ታጥቤ የልጅ ልጄን አቅፌ እቀመጣለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ካገኘሁ ታዲያ ኮሚቴ አይደለም ብዬ ላበላሸው? አብደሃል እንዴ!

ሃይሰም፦ እኔ በኮምፒውተር ላሻሽል ስንጠራራ፣ እርስዎ በስልክ አሻሻሉት!

[ልብ በሉ፦ «እርስዎ» ተመለሰች፤ አድራሻዋን ግን ቀይራለች።]

ሃይሰም፦ አስመሳዩ እርስዎ፣ ኮሚቴውም እርስዎ፣ ጥናቱም የእርስዎ! ታዲያ እኔ ምን ነበርኩ?

በዩሚ፦ ከረባቱ።

ሃይሰም፦ [ሰዓቱን አይቶ ዘሎ ተነሳ] ለአራት ሩብ ጉዳይ! ዓም በዩሚ፣ አለቀልኝ! ለዳይሬክተሩ ምን ብዬ ልግባ?

በዩሚ፦ እውነቱን በላቸው። ሁለት ሰው የሚበቃው መርፌው ሣጥን ሲገባና ሊፍቱ ለጋሪ ሲለቀቅ ነው። እሱ ደግሞ የሚሆነው ኮሚቴ ሲኖር ነው። ስለዚህ ይምረጡ፦ ወይ ሦስተኛውን ሠራተኛ ያቆያሉ፣ ወይ ኮሚቴውን በየቀኑ ይጠራሉ።

ሃይሰም፦ በየቀኑ! እሳቸው እኮ በዓመት አንዴ ሲመጣ ራሱ ነው ግፊታቸው የሚነሳው!

በዩሚ፦ እንግዲያው መርጠዋል ማለት ነው።

[ሃይሰም ተንበርክኮ መጻፍ ጀመረ። አሥራ አምስተኛው ገጽ ላይ «ሁለት» የሚለውን ደለዘ፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ደለዘው። በላዩ «ሦስት» ጻፈ።]

ሃይሰም፦ ለሊፍቱስ ምን ልበል?

በዩሚ፦ ጠያቂ ሳይገባ፣ በማለዳ ለአንድ ሰዓት ያህል ለጋሪ ብቻ ይሁን። ይህን ስንት ዓመት ተናግሬያለሁ መሰለህ። በአፌ ስለሆነ ማንም አልሰማኝም። በቀይ አድርገው።

ሃይሰም፦ ይኸው በቀይ። ከሥሩም ሁለቴ አሰመርኩ።

[የውስጥ ስልኩ ጮኸ። ዓም በዩሚ አነሳው።]

በዩሚ፦ አቤት... ሲስተር ነዋል? ደህና ነን። ኮሚቴው? [ሃይሰምን ከጫማው እስከ ፀጉሩ አየው] አለ፣ ግን መሄጃው ሳይደርስ አልቀረም... ምን? ሣጥኑ ሞላ? እና እስኪሄድ ጠብቀሽ መርፌውን ወደ ጥቁሩ...

[ሃይሰም ስልኩን ከእጁ መነጨቀው። ለምን እንዳደረገው እሱም አላወቀም፤ ያ የተወጋ መዳፍ ዓይኑ ላይ ነበር።]

ሃይሰም፦ [ድምፁን አወፍሮ] ማን ናት ይህን የጠየቀችው? ሙሉ ስም ከነአባት! ሣጥን ከሞላ ሌላ ሣጥን ይመጣል፣ ጥቁር ከረጢት አይደለም! አሁኑኑ! ... መሄጃችን? እኛን ማን ይሄዳሉ አለሽ? ነገም እንመጣለን! ... እኔ? እኔ ማለት ኮሚቴው ነኝ!

[ዘጋው። ከረባቱ ተጣሟል። ዓም በዩሚን ፈተና እንደተፈተነ ተማሪ አየው።]

ሃይሰም፦ እንዴት ነበርኩ?

በዩሚ፦ ምንም አትልም። ግን መጨረሻ ላይ አበላሸኸው። ኮሚቴ «ነኝ» አይልም ልጄ፣ «ነን» ነው የሚለው፤ ኃላፊነቱ በማንም ላይ እንዳያርፍ።